ሳይደርቅ ጥረጊው

«እኔማ ልጄን ለአላህ ከሰጠሁት ቆየሁ» አሉ እመት አሚናት። «መኪናዋን የምትቀባት እሷ ናት። እኔ አንድ ቀን ቀቢያት ብየ አዝዣት አላውቅም።»

ኑርሀያት ይህን የሰማችው ከማድ ቤቱ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ከሰል ስታራግብ ነው። አማቷ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ከጎረቤታቸው ከእናትነሽ ጋር የጠዋት ወሬ ይዘዋል። መጀመሪያ ስለ ስኳር ተነጋገሩ፤ ከቀበሌው ሱቅ መጣ ተብሎ ተሰልፈው ሳይደርሳቸው ስላለቀው ስኳር። ቀጥሎ ስለ እናትነሽ ፍየል ተነጋገሩ። ከዚያ እናትነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ እመት አሚናትም ስለ ስኳሩ በተናገሩበት በዚያው ድምፅ ይህን መለሱ። ማራገቢያው በኑርሀያት እጅ ላይ ቆመ። ከሰሉ ላይ በተጣደው ውሃ መሐል ቆርቆሮ ተቀምጧል፣ በቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ አንድ ጡጫ የሚሆን ሰም መቅለጥ ጀምሯል። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ መቶ ጊዜ ያህል ያችን መኪና የቀባችው ለእኚህ ሴትዮ ስትል ነበር። አሁን እሳቸው አላዘዝኳትም አሉ። ንዴት ጆሮዋ ድረስ ወጣ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ብዙ አልነበረም። የመንግሥት ላንድሮቨር፣ ከደሴ ወደ ውጫሌ የሚያልፈው አውቶቡስ፣ አልፎ አልፎ የእህል ካሚዮን፤ ሌላው በእግሩ ነው። የማይሽከረከር ሆኖ ፖሊሽ የማይቀርበት መኪና ያለው ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ፔጆ ናት፤ በደጉ ጊዜ የኑርሀያት ባል ጠሃ ከሐይቅ ደሴ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ኮንትራት ይሠራባት ነበር። አሁን ግቢው መሐል በአራት ጥርብ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ጎማዎቿ ፀሐይ እንዳይሰነጥቃቸው በከረጢት ተጠቅልለው ከእመት አሚናት አልጋ ሥር ገብተዋል። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ትቆማለች፣ አሮጊቷ ጎማ ላይ ይተኛሉ፤ ሰፈሩ በዚህ ሲስቅ ኖሮ ሰልችቶት ትቷል። ሞተሩ ጠሃ ከመወሰዱ በፊት ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ስለነበር የቀበሌ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው፣ የፊቱን ክዳን፣ ኮፈኖውን ከፍተው አይተው፣ መዝግበው ሄደዋል። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እመት አሚናት ከጎማዎቹ ጋር፣ በሌላው ኑርሀያት ከአንድ ሳጥንና ከአንድ የግድግዳ መስታወት ጋር ያድራሉ። የመሐሉ ግድግዳ ስስ ነው፤ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትሰማለች። ግን በዚያ ግድግዳ በኩል በአራት ዓመት ውስጥ የጠሃ ስም የተጠራው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ፖሊሹ የጣሳ ነበር፤ ጠሃ ራሱ ከደሴ የገዛው፣ እንደ ወተት የሚፈስ። እሱ ሲያልቅ እንኳን ሐይቅ ደሴም አልተገኘም። ኑርሀያት የራሷን ማፍላት የተማረችው ያን ጊዜ ነው። የእናትነሽ ባል ወልዴ ንብ ያረባል፤ ማሩን ለቤቱ፣ ሰሙን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጧፍ ይሰጣል። ከዚያ ላይ እናትነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ አንድ ጡጫ ታቀብላታለች፤ «ቅዱሱ አይቆጣም፣ እሱም ሰው መጠበቅ ያውቃል» እያለች። ሰሙ በፈላ ውሃ መሐል ይቀልጣል፣ ከእሳቱ ርቆ ይወጣል፣ ከዚያ ላምባ ቀስ እያለ ይፈስበታል። ላምባው ካነሰ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፤ ከበዛ ውሃ ሆኖ አይዝም። ሦስት እጅ ላምባ ለአንድ እጅ ሰም መሆኑን ለማወቅ ሁለት ወርና አንድ ቅንድብ ፈጅቶባታል። ላምባ ደግሞ በካርድ ነው፤ በወር ሁለት ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ስልሳ ሳንቲም። ከሁለቱ አንዱን መኪናዋ ትጠጣዋለች፣ ስለዚህ በዚህ ቤት ኩራዝ የሚበራው ወሩ እስኪጋመስ ነው። መቀቢያና መጥረጊያ ጨርቁ የጠሃ ሸሚዝ ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተቀደደ አሁን የመጨረሻው፣ ባለ መስመሩ፣ ላይ ደርሰዋል። ላምባውን ከፍለው «ይኸውልሽ» የሚሏት፣ ሸሚዙንም ከሳጥን አውጥተው እጇ ላይ የሚያኖሩት እመት አሚናት ነበሩ። ይህ ማዘዝ ካልሆነ ማዘዝ ምንድን ነው?

ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሁለተኛ ስታስበው የሰማችው ክፉ ወሬ አልነበረም፤ እንዲያውም ስትጠብቀው የኖረችው ቃል ነው። ዛሬ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ወደዚህ ግቢ ይመጣሉ። አክስቷ ዘሀራ ውጫሌ ላይ ሰላሀዲን የሚባል ልብስ ሰፊ አግኝታላታለች፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች የቀሩት። ኑርሀያት ያየችው ሁለቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀሚስ ሊለካላት ሜትሩን ለአክስቷ ሰጥቶ፣ ራሱ ዞር ብሎ ቁጥሩን በጠመኔ ሲጽፍ አየችና ወደደችው። እሱም ወዷታል፣ ግን የሚጠብቀው ረመዳን እስኪገባ፣ እስከ ሻዕባን ወር ማብቂያ ነው። ሌላ ረመዳን ሁለት ሕፃን ይዤ ብቻየን አልጾምም፣ ካልሆነ ሌላ አገባለሁ ብሏል፤ አይፈረድበትም። ደሴ ያለው ቃዲ ደግሞ፣ ባልሽ ከጠፋ አራት ዓመት ሞልቷል፣ የቀረሽ አንድ ነገር ነው አላት። ሁለት የታመኑ ሰዎች ቤቱን በዓይናቸው አይተው፣ የእናቱን ቃል በጆሯቸው ሰምተው፣ ይህ ቤት ከእንግዲህ ሰውየውን አይጠብቅም ብለው ይመስክሩልሽ፣ በማግሥቱ እፈታሻለሁ። ከዚያ በኋላ እንደገና ለማግባት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ መቀመጥ አለባት። ኑርሀያት ቀኑን በጣቷ ስትቆጥር ሰንብታለች፤ ዛሬ ከሆነ ሻዕባን ሳያልቅ ይደርሳል፣ ዛሬ ካልሆነ አይደርስም። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም፣ እናትና አባቷም የሉም። እመት አሚናት ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ ከሰሙ ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ያሉት ነገር ቢኖር «ይምጡ፣ ቤት የአላህ ነው» ብቻ ነው።

ስለዚህ ከአጥሩ የሰማችው ቃል የምሥራች ነበር። አሮጊቷ ቆርጠዋል። ለእናትነሽ ያሉትን ለሽማግሌዎቹ ይደግሙታል፣ ያልቃል። የቀለጠ ሰም ስለማይጣል ላምባውን ቀላቅላ በጠርሙስ አደረገችው፣ ሲቀዘቅዝ መስኮቱ ላይ አኖረችው፣ ጨርቁን ገመድ ላይ ሰቀለችው። እናትነሽ በቀዳዳው ብቅ ብላ አየቻት።

«ሰማሽ አይደል?» አለች።

«ሰማሁ።»

«እንግዲያ ዛሬ ተያት። ሰው ሁሉ ያያትን መኪና አንድ ሐሙስ ቢያልፋት አትሞትም።»

ፀሐይ ከአጥሩ ባሕር ዛፎች በላይ ስትወጣ እመት አሚናት በርጩማቸውን ይዘው ደጃፍ ተቀመጡ። ኑርሀያት ከማዶ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች። በሁለቱ መሐል መኪናዋ የአሥራ አምስት ቀን አቧራ ለብሳ ቆማለች። ጥር ነው፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይነሣና የውጫሌን መንገድ አቧራ ጠራርጎ ግቢያቸው ውስጥ ያራግፈዋል። አሮጊቷ መስኮቱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አዩት፣ መኪናዋን አዩዋት፣ ምስሩን አዩት።

«ጠጠር በዝቶታል?»

«የዘንድሮ ምስር ግማሹ ጠጠር ነው።»

«አምና ይሻል ነበር።»

«አዎ፣ አምና ይሻል ነበር።»

 ኑርሀያት አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ለእናትነሽ ያሏትን አሁን ለእኔ ይሉኛል ብላ፤ «ልጄ፣ በቃ ተያት» የምትል አጭር ቃል፣ ከአፋቸው ስትወጣ ለመስማት። ያች ቃል ብትመጣ ምናልባት ተነሥታ ጉልበታቸውን ትስም ነበር፤ ምናልባትም አብረው ያለቅሱ ነበር፣ ለጠሃ ሁለቱ አንድ ላይ አልቅሰው አያውቁምና። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ የሞተ ሰው አልነበራቸውማ። ደሴ እስር ቤት ስንቅ ይዘው ሲሄዱ «እዚህ የለም፣ ተዛውሯል» ተባሉ፤ ወዴት ብለው የጠየቁት ሁሉ አላውቅም አላቸው፤ እዚያ ላይ ነገሩ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምስሩ አንዴ ተለቅሞ አለቀ። ኑርሀያት እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች። 

ከዚያ አሮጊቷ ተነሡ። ጠርሙሱን ከመስኮቱ፣ ጨርቁን ከገመዱ አወረዱ። ግራ ትከሻቸው ከታመመ ሁለት ክረምት ሆኖታል፣ የሚጠጡትን ውሃ እንኳ ሰው ነው የሚቀዳላቸው። በዚያ ትከሻ ወደ መኪናዋ ሄደው ፖሊሹን ኮፈኖው ላይ ግልብጥ አደረጉትና ማሸት ጀመሩ። እንዲህ አይደለም የሚደረገው። መኪና መጀመሪያ በውሃ ይታጠባል፤ አቧራው ሳይወርድ ጨርቅ ካረፈበት ጨርቁ ሞረድ ነው። ፀሐይ ላይም አይቀባም፤ ላምባው ይተንና ሰሙ ብቻውን እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል። ኑርሀያት አላየሁም ብላ ምስሩ ላይ አቀረቀረች፤ ድምፁ ግን ይሰማል፣ ክርር ክርር ይላል፣ አቧራው ከጨርቁ ሥር ቀለሙን ሲጭረው። ይጫር፣ ምን ቸገረኝ አለች በልቧ። እንዲያውም ይሻላል፤ ሽማግሌዎቹ የተጫረ፣ የተለቀለቀ መኪና ቢያዩ ምን እጎዳለሁ? ክርር። ይቺ መኪና እኮ ጠላቴ ናት። ክርር። ይህን ሐሳብ ሳትጨርስ ሰፌዱ መሬት ላይ ነበር፣ እሷም መኪናዋ ዘንድ ቆማ ነበር።

«ይተዉት እማ» አለች። «እየፋቋት ነው።»

እመት አሚናት ጨርቁን እንደ ጨበጡ ቀና አሉ። ፊቷን አዩት፤ የሆነ ነገር ፈልገው ያጡበት ይመስል ረዘም አድርገው አዩት። ከዚያ ጨርቁን ለቀቁላትና ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ኑርሀያት ኮፈኖውን ብቻ አስተካክላ ልትተው ነበር ያሰበችው፤ ለዚህ አላህ ምስክሯ ነው። ባልዲ ውሃ አምጥታ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ጋቢዋን በሁለት እንጨት ወጥራ ጥላ ሠራችለት፣ የተጣበቀውን ሰም በላምባ እያራሰች አነሣችው፣ ከዚያ እንደገና በወጉ ቀባችው። ኮፈኖው ሲያበራ ግን ጎንና ጎኑ በአቧራው ቀረና መኪናዋ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ የተነሣ ሰው መሰለች። እንዲህ ሆና ሽማግሌ አያያትም። ወደ ግራው ጎን አለፈች። ግራው ሲያልቅ ቀኙ አለ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ኑርሀያት ይህን ሥራ ትወደው ነበር፤ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ለራሷም ቢሆን። ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ጠቅልላ፣ ጥቂት ፖሊሽ አስነክታ፣ የሰሐን ያህል ቦታ ብቻ በክብ በክብ ትቀባለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ቀለሙ ላይ ጭጋግ ይመጣል፤ ጣቷን አስነክታ ታየዋለች፣ ጣቷ ካልተያዘ ደርሷል ማለት ነው። በንጹሑ ጨርቅ ስትጠርገው ከጭጋጉ ሥር ሰማያዊው እንደ አዲስ ይወጣል። በዚህ ቤት ውስጥ ጀምራ የምትጨርሰው፣ ጨርሳም ውጤቱን የምታየው ሌላ ነገር የላትም። በዚያ ሰዓት የሰላሀዲን ልጆችም፣ ቃዲውም፣ ዒዳውም ከሐሳቧ ጠፉ።

የቀኙ የኋላ በር ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እጇ ቀስ ይላል። ጠሃ ያቆመው እዚያ ላይ ነው። ቀትር ነበር፣ እንዲሁ እየቀባ። የተቀባው ጭጋጉን ሳያመጣ ሦስት ሰዎች የግቢውን በር ገፍተው ገቡ። አንድ የፈለጉት ሰው በዚህ መኪና ተሳፍሮ ነበር አሉ፤ ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል አሉ። ጠሃ እጁን በጨርቁ ጠረገ። እናቱ ደጃፍ ነበሩ፣ ኑርሀያት እዚህ፣ መኪናዋ አጠገብ። ጨርቁን ሰጣትና የመኪናዋን በር በአገጩ አሳያት። «ሳይደርቅ ጥረጊው» አላት። ሌላ ምንም አላለም። እሷም ጠሃ ከግቢው ሳይወጣ መጥረግ ጀመረች፤ ባሏን ሲወስዱት ጀርባዋን ሰጥታ በር እየጠረገች ነበር። ዛሬም ያችን ቦታ ጠረገቻት። ቀና ስትል የዙሁር አዛን አልቆ ነበር፣ የመኪናዋም ጣሪያ ሳይቀር ተቀብቶ ነበር፣ የግቢው በርም እየተንኳኳ ነበር።

የመጡት ሸህ ኢስሃቅና አብደላ ናቸው። ሸህ ኢስሃቅ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ማንበብ የሚያስተምሩ፣ አንድ ቃል ከመናገራቸው በፊት ሦስት ጊዜ የሚያስቡ ሰው ናቸው። አብደላ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ ካሚዮን የነዳ፣ አሁን ጡረታ የወጣ፣ ለማንም ክፉ የማይመኝ ሰው ነው። ሰላምታ ተሰጣጡ፣ የቤት ሰው ደኅንነት ተጠየቀ፣ ሸሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ቆሎና ውሃ ቀረበላቸው። አብደላ ግን አልተቀመጠም። ዓይኑ ፔጆዋ ላይ ቀርቷል። ዞራት፤ ጎንበስ ብሎ ከበሩ ሥር አየ፣ ሰዎች ቸል የሚሉትን የመስኮቱን ጠርዝ አየ። ከዚያ አመልካች ጣቱን ኮፈኖው ላይ አሳርፎ ከዳር እስከ ዳር ሳበው፣ ጣቱንም ገልብጦ አየው።

«ማሻ አላህ» አለ። «ሸህ፣ ይምጡ ጢምዎን ይዩባት።»

ሸህ ኢስሃቅ ተነሥተው ቀረቡ። በሩ ላይ ጢማቸው፣ ጥምጣማቸው፣ ከኋላቸውም የእመት አሚናት በርጩማ ይታያል። 

«እኔ እንጀራየ የነበረውን ካሚዮን እንዲህ ቀብቸ አላውቅም» አለ አብደላ፤ ማመስገኑ ነበር። «ይሄ ለገበያ የሚቀባ አይደለም። ይሄ ባለቤቱ ነገ ገብቶ ቁልፍ የሚሰካባት መኪና ናት።»

ኑርሀያት የውሃውን ጣሳ ይዛ ባለችበት ደረቀች።  አብደላ የተናገረው ምን እንደሆነ ከእሷና ከሸሁ በቀር ማንም አልገባውም፣ ለራሱ ለአብደላ እንኳ። ሸህ ኢስሃቅ ወደ አግዳሚው ተመለሱ፣ መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ሰበሰቡ፣ ወደ እመት አሚናትም ዞሩ።

«እመት አሚናት፣ የመጣንበትን ያውቁታል። ቃዲው የላከን ለአንድ ቃል ነው። ይህ ቤት ጠሃን ዛሬም ይጠብቃል ወይስ ለአላህ ሰጥቶታል?»

 ነፋሱ የተወጠረውን ጋቢ አርገበገበው። ከአጥሩ ወዲያ የእናትነሽ እግር ኮሽታ ቆመ፤ እሷም ትሰማለች ማለት ነው። ኑርሀያት የእመት አሚናትን ከንፈር ታያለች። ጠዋት ያን ያህል ቀልሎ የወጣው ቃል እዚያ ከንፈር ላይ እስኪደርስ ጠበቀች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ሚስቱ እያለች እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ» አሉ እመት አሚናት። «ቤቱን አይታችሁታል።»

ሸሁ ወደ ኑርሀያት ዞሩ። «ልጄ፣ ይቺን መኪና ማን ቀባት?»

ጠዋት በአጥር የሰማችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። እማ ቆርጠዋል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እናትነሽም ምስክሬ ናት ልትል። ግን አሮጊቷ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነበርና ዓይኗ እዚያ ላይ ወደቀ። ኮፈኖው ላይ የገለበጡት ሰም በጣቶቻቸው መሐል ደርቆ ነጭ ሆኗል። እኚህን ሴትዮ ሰው ፊት አቁማ ልጅዎ ሞቷል በሉ ማለት አልሆነላትም።

«እኔ» አለች።

«መቼ?»

«ዛሬ።»

ሸህ ኢስሃቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጥቂት አሰቡ። «እኛ ያላየነውን አይተናል ብለን አላህ ፊት አንቆምም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር። «ይህ ቤት አልቆረጠም። አንችም ልጄ በእጅሽ አልቆረጥሽም። ለቃዲው ያየነውን እንነግረዋለን፤ የዓመት ሰው ይበለን፣ በዓመቱ ደግሞ እንመጣለን።»

«ሸህ፣ ሰላሀዲን እስከ ሻዕባን ነው ያለው።»

«ሶብር አድርጊ። አብሽሪ። ለአክስትሽ እኔው በዛሬው አውቶቡስ መልእክት እልክላታለሁ።»

ዱዓ አድርገው ተነሡ። አብደላ ከግቢው በር ላይ ዞሮ ሌላ ጊዜ ፔጆዋን አያት። «ወላሂ ሸጋ እጅ ነው ያለሽ» አላት፤ ከልቡ ነው። በሩ ተዘጋ። እናትነሽም ከአጥሩ ወዲያ እግሯን እየጎተተች ወደ ቤቷ ገባች።

ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ቀሩ። ኑርሀያት ጋቢውን ከእንጨቱ ፈታ አጠፈችው፣ ባልዲውን ደፋችው፣ የተበተነውን ምስር ከአፈር እየለቀመች ሰፌዱ ላይ መለሰችው። አማቷን ሳታይ ነው የተናገረችው።

«ጠዋት ለእናትነሽ ያሏትን ሰምቻለሁ።»

«መስማትሽንማ አውቃለሁ። ከሰል ስታራግቢ አይቸሽ ነው የተናገርሁት። አንች እንድትሰሚው ነው።»

«ታዲያ ለሸሁ ለምን አላሏቸውም?»

«በአጥር ቀዳዳ ማለትና ምስክር ፊት ማለት አንድ ነው?» አሉ እመት አሚናት። «በአፌ ልግደለው? አቧራዋን ለብሳ ቢያገኟት እኔን ምን አስጠየቃቸው፣ አቧራው ይልልኝ ነበር።»

«ጨርቁን ያነሡት እኮ እርሰዎ ነዎት።» እንባዋ መጣ፣ አልከለከለችውም። «እኔማ ትቻት ነበር። ተቀምጨ ምስር ስለቅም አላዩኝም?»

አሮጊቷ በጣቶቻቸው መሐል የደረቀውን ሰም በጥፍራቸው ፈቀፈቁ። መንገዱ ላይ የውጫሌው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

«እንድትከለክይኝ ነው ያነሣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ያች ልጅ ተነሥታ በቃዎ ትለኛለች፣ ጨርቁን ቀምታ ትጥለዋለች ብየ። ይተዉት እማ ስትይኝማ ልቤ አርፎ ነበር። ከዚያ እየፋቋት ነው አልሽኝ።»

በርጩማቸውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። አልጋው በጎማዎቹ ላይ ሲንቋቋ ከውጭ ተሰማ። ኑርሀያት ባለችበት ቆመች። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ኮፈኖው ላይ አርፋለች፤ በዚያ ሁሉ ሰማያዊ መሐል አብደላ ጣቱን የሳበበት መስመር ከዳር እስከ ዳር ይታያል። አየችው። ልትተወው ፈልጋ ፊቷን አዞረች፣ ወደ ማድ ቤቱም ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ተመለሰች፣ ጎንበስ ብላ መስመሩ ላይ ትንፋሿን እፍ አለችበት፣ የሻሿንም ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ፣ ሳይደርቅ ጠረገችው።